ተከዜን ሳስብ

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ የሰሜን ኢትዮጵያን ካርታ ዘርግቼ ዋልኩ። እንደ ልማዴ ተከዜ ላይ ቀረሁ።

ስለ ዓባይ ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም። የእኔ ልብ ግን ተከዜ ጋ ነው። የሚነሳው ላስታ ላይ፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ነው። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፣ የእነ ራስ ዳሸንን ተራሮች በምሥራቅ በኩል ዞሮ ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ወደ ምዕራብ ይወርዳል። በጣቴ ስከተለው ተራሮቹን ያቀፈ ክንድ ይመስለኛል። ከራስ ዳሸን የሚወርደውም ውሃ መግቢያው እሱ ነው። የቆረጠው ሸለቆ ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር ያልፋል።

መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ እያለሁ ነው፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ ስሄድ። ደባርቅ ላይ ሁላችንም ጋቢ ደርበን ነበር። ከዚያ ሊማሊሞ መጣ። አውቶብሱ ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሰው አንድ በአንድ የደረበውን ሲያወልቅ ቆይተን ዛሪማ ስንደርስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ያቃጥል ነበር። አዲአርቃይን አለፍን፣ ማይጸብሪን አለፍን፣ ድልድዩ ጋ ደረስን። በጋ ነበር። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ቀጥኖ ይሄዳል። «ይኼ ነው እንዴ?» ብዬ ቅር አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ልጄ፣ አሁን አርፎ ነው። ነሐሴ ላይ ነበር ማየት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ነሐሴ ላይ ጸላሪም፣ ጌባም፣ ወርዒም ከየተራራው ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ሁመራ ሲደርስ ሰቲት ይባላል። ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፣ አትባራ ደግሞ የዓባይ የመጨረሻው ትልቅ ገባር ነው። ከዚያ በኋላ ዓባይ እስከ ባሕሩ ድረስ በረሃውን የሚያቋርጠው ብቻውን ነው።

አፈሩ ግን ያንገበግበኛል። የላስታና የዋግ ገበሬ ከድንጋይ ጋር እየታገለ የሚያርሰው መሬት ነው በየክረምቱ የሚሄደው። አሁን የተወሰነው ግድቡ ላይ ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ማለቴ ነው። መብራት ይሰጣል፣ ከኋላው የተኛው ሐይቅ ዓሣ ይሰጣል፤ በሬ ጠምዶ ያደገ የዋግ ልጅ ዛሬ መረብ ይጥላል። ደለሉ ግን በየዓመቱ ከሐይቁ ቦታ ይወስዳል። ተራራው ላይ እርከን ካልተሠራና ዛፍ ካልተተከለ ታች ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስሙንም እወደዋለሁ። ስንሰማው ትካዜ ትዝ ይለናል፣ በግዕዝ ግን ተከዚ ማለት ወንዝ ማለት ነው። የጥንቶቹ ሰዎች በቃ ወንዝ ብለው ጠሩት። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይም ተከዜ በስሙ አለ።

ያኔ የተሻገርነው ድልድይ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ፈረሰ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የታወሱኝ እኚያ አዛውንት ናቸው። የየትኛው ዳር ሰው እንደነበሩ አልጠየቅኳቸውም።