መቼ ነው የሚጀምረው?

«ሄሬዲተሪ» የሚባለውን አስፈሪ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ስልኩን አወጣና «ቆይ ግን፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዲት አሮጊት ሞታለች፣ ቤተሰቡ ቀብር ሄዶ ተመልሷል፣ እናትየው ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ጥቃቅን ቤቶች ትሰራለች። በቃ። ጩኸት የለ፣ ደም የለ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ነገር የለ።

በዚህ ሳምንት ለሶስተኛ ጊዜ አየሁት። ለወንድሜ ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ፤ እኛ ከመድረሳችን በፊት ተጀምሯል።

(ፊልሙን ያላያችሁ እዚሁ ጋ እንለያይ። አንድም ነገር ሳልደብቅ ነው የማወራው። በኋላ «ምነው አበላሸሽብኝ» ብትሉ የለሁበትም።)

ለማስታወስ ያህል፣ ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሪ አስተር ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ80 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ገንዘቡን አይታችሁ ግን ሁሉም ወደደው እንዳትሉ። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አለ፣ ፊልም በወጣ ሰሞን ተመልካቹን ሲኒማ ቤት ውስጥ ማርክ ያሰጣል። ለዚህ ፊልም የተሰጠው ዲ ፕላስ ነው። ዲ ፕላስ! ሃያስያኑ ሲያሞግሱት ሕዝቡ ተናዶ ነው የወጣው። ብዙም አልፈርድበት። ትሬለሩን ያየ ሰው ፊልሙ ስለዚያች በምላሷ «ቋ» ስለምታደርገው የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ ስለ ቻርሊ ነው ብሎ ነው የሚገባው። ቻርሊ ደግሞ የመጀመሪያው ሰዓት ሳያልቅ ትሞታለች።

አከፋፈቱን አስታውሱ። ካሜራው በመስኮት በኩል ዛፍ ላይ የተሰራችውን ጎጆ ያሳየናል፣ ዞር ይልና የእናትየውን የአኒን የሥራ ክፍል ይቃኛል፣ ከዛ አንዷን የሞዴል ቤት መርጦ ቀስ እያለ ይጠጋታል፣ ይጠጋታል፣ ትንሿ መኝታ ቤት ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ። በሩ ይከፈትና አባትየው ልጁን ሊቀሰቅስ ይገባል። አሻንጉሊት ባልነው ክፍል ውስጥ ለካ ሰው ተኝቷል። መጀመሪያ ሳየው «አሪፍ ዘዴ ናት» ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። እነዚህን ሰዎች ቦታ ቦታ የሚያስይዛቸው ሌላ እጅ እንዳለ ፊልሙ ገና አንድ ሰው ሳይናገር ነግሮናል። (ቤቱም በነገራችን ላይ የእውነት ቤት አይደለም። ውስጡን ዩታ ውስጥ ስቱዲዮ ነው የገነቡት፣ ግድግዳው እንዲነሳ አድርገው። ለዛ ነው ካሜራው እንደ አሻንጉሊት ከሩቅ የሚያያቸው።)

ሌላው የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ፊልም ምስጢሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ መጨረሻ ላይ ነው የሚከፍትልን። ይሄኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልን ይሄዳል። አኒ ቀብሩ ላይ ስለ እናቷ ስትናገር፣ ነገሯን ሁሉ ለራሷ የምትይዝ ሴት እንደነበረች፣ የራሷ ጓደኞች የራሷም ሥርዓት እንደነበራት፣ ዛሬም ብዙ የማታውቃቸው ፊቶች መምጣታቸውን ትናገራለች። ማንም «እነማን ናቸው?» አይልም። ከመሃላቸው አንዱ ሰውዬ ቻርሊን እያየ ፈገግ ይላል። ቀብር ላይ! ሟቿ አንገት ላይ ያለው ሀብል አኒም አንገት ላይ አለ። የሀብሉ ምልክት፣ ልጆቹ ማታ ወደ ፓርቲ ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር ባለ ምሰሶ ላይ ተቀርጿል። ካሜራው ያሳየናል፣ መኪናዋ ታልፋለች፣ እኛም እናልፋለን። አኒን በኋላ የምትወዳጃት የዚያች ደግ መሳይ ሴትዮ፣ የጆን፣ የእግር መጥረጊያ እንኳ ሟቿ ትሰራቸው የነበሩትን ይመስላል።

ይባስ ብሎ አኒ ሐዘንተኞች በሚሰባሰቡበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ወንድሟ በ16 ዓመቱ ራሱን እንዳጠፋ፣ በተወው ደብዳቤ ላይም እናቱ ሰዎች ውስጡ ልታስገባበት ትሞክር እንደነበር መክሰሱን ትናገራለች። በገዛ አፏ! የፊልሙ ታሪክ በሙሉ እዛች ንግግር ውስጥ አለ። እኛ ግን «ምስኪን፣ ታሞ ነው» ብለን አዝነን እናልፋለን፣ እሷም እንደዛው። ባሏን ደግሞ «ፊልም ልገባ ነው» ብላ ዋሽታው ነው የሄደችው። «ዝምታ ለበግም አልበጃት» የሚለው ተረት ለዚህ ቤት የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

እሺ፣ ወደ መኪናዋ።

ቻርሊ ፓርቲው ላይ የማይስማማትን ለውዝ ያለበት ኬክ በልታለች፣ ጉሮሮዋ እየተዘጋ ነው። ታላቅ ወንድሟ ፒተር ወደ ሆስፒታል ይበራል። አየር ፍለጋ አንገቷን በመስኮት ታወጣለች። መንገዱ ላይ የሞተ እንስሳ አለ፣ መሪውን ይጠመዝዛል፣ ምሰሶ። ከዛ ዝም።

እኔን የገደለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ካሜራው የፒተር ፊት ላይ ይቆማል። አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ከመኪናው አይወርድም። የኋላውን መስተዋት ሊያይ ዓይኑን ትንሽ ያነሳና መልሶ ያወርዳል። ደቂቃው አያልፍም። መኪናዋን በቀስታ አስነስቶ ቤት ይሄዳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ልብሱን ሳያወልቅ ይተኛል። ይነጋል። ዓይኑ እንደተገለጠ ነው። ከውጪ የእናቱን ድምፅ እንሰማለን፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ስትል፣ የቤቱ በር ሲዘጋ፣ የመኪናው ሲከፈት። ከዛ ጩኸቷ። ካሜራው አሁንም ከልጁ ፊት አልተነሳም። ጥፋት ሰርታችሁ፣ እንደምንም ሳይታወቅ ቢነጋ ብላችሁ አንሶላ ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያንን ፊት ታውቁታላችሁ። እኔ የሰበርኩት ዕቃ ነበር እንጂ ሰው አይደለም፣ ግን ስሜቱን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ስልኩን ያስቀመጠው እዚህ ጋ ነው።

የእራቱ ጠረጴዛ ላይም ማንም ስለ ቻርሊ አያነሳም፣ ሹካ ብቻ ነው የሚሰማው። ፒተር «የምትይው ካለሽ በይው» ብሎ ነካ ሲያደርጋት አኒ ትፈነዳለች። አኒን የምትጫወተው ቶኒ ኮሌት እዚህ ጋ የምትሰራው ነገር ትወና አይመስልም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፣ አንዱም መባል አልነበረበትም። ተናግራ ስትጨርስ ደግሞ ቀለል አይላትም፣ ይብስባታል። ለዚህ ሥራ ለኦስካር እንኳ አልታጨችም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለ ድምፁ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ሙዚቃው የኮሊን ስቴትሰን ነው፣ ሳክስፎን ተጫዋች ነው፣ አብዛኛው ግን ሙዚቃ ሳይሆን ከግድግዳ ጀርባ የሚተነፍስ ነገር ነው የሚመስለው። አንድ ቦታ ብቻ ላንሳ። ፒተር ሌሊት ይነቃል። ክፍሉ ጨለማ ነው። ምንም አይፈጠርም። ከዛ ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምደው ከኮርኒሱ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ የሆነ ነገር ተለጥፏል። ማንም «እዩት» አላለንም፣ ድው የሚል ሙዚቃ የለም። እኔ ወንድሜን በክርኔ ነካሁት፣ እሱ «የቱ ጋ?» አለ። አንዱ ያያል፣ አንዱ አላየም፣ ያላየው ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይፈራል።

የማልወደው ነገርም አለ። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ፊልሙ ያንን ሁሉ ትዕግሥቱን ይጥልና ማስረዳት ይጀምራል። ሟቿና ጓደኞቿ የሚያመልኩት፣ ፔይመን የሚባለው የአጋንንት ንጉሥ ተሰይሞ፣ ዘውድ ተደፍቶ፣ ጆን ቆማ ዝርዝሩን ታነበንባለች። ፔይመን የፊልሙ ፈጠራ አይደለም፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የአጋንንት መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ግመል ላይ ተቀምጦ 200 ጭፍራ አስከትሎ ይመጣል ይባላል። ግመሉን ካወቅኩ በኋላ እሱን መፍራት ትንሽ አቅቶኛል። ከንጉሡ ይልቅ ያ የእራት ጠረጴዛ ነው የሚያስፈራኝ።

ትናንት ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ምሰሶው ላይ የተቀረጸውን ምልክት አይተኸዋል?»

«የቱ ምሰሶ?»

«የቻርሊ።»

ትንሽ አሰበ። «አላየሁም። ከአደጋው በኋላ ነው የሚያሳዩት?»

«አይደለም። ወደ ፓርቲው ሲሄዱ።»

ዝም አለ።

«ሲሄዱ ነው ያልሽው?»

«ሲሄዱ።»

«በይ ደህና እደሪ» ብሎ ዘጋው።