የዓሦቹ ጌታ ከተማ

በሚያዝያ ማብቂያ ኔፓል የገባሁት ተራራ ልወጣ አልነበረም። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ነው፤ ጀርባዬ እንደ ደረቀ ቆዳ ከርሮብኝ ዮጋ ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉም የወደድኩት ተቀምጦ መጠምዘዝን ነው። በሳንስክሪት "አርዳ ማትስዬንድራሳና" ይባላል። አርዳ ግማሽ፣ ማትስያ ዓሣ፣ ኢንድራ ደግሞ ጌታ ነው። ይህ የዓሦች ጌታ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከካትማንዱ አጠገብ ያለችው ፓታን ድረስ ሄድኩ።

ፓታን ውስጥ ራቶ ማቺንድራናት ይሉታል፤ ቀዩ ማለታቸው ነው። ዝናብ ሰጪ ነው ብለው ሂንዱውም ቡድሂስቱም አብረው ያመልኩታል። ምስሉ ዓመቱን ከፍሎ ግማሹን ፓታን፣ ግማሹን ቡንጋማቲ በምትባል መንደር ያሳልፋል። የቡንጋማቲው መቅደስ በ2015 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ነበር።

መጠምዘዙን ያስተማሩኝ የኔዋር (የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ) ተወላጅ አዛውንት ናቸው። ግራ እግሬን አጥፌ ተረከዙን ወደ ቀኝ ዳሌዬ አስጠጋሁ፤ ቀኙን በግራ ጉልበቴ ማዶ አቆምኩ፤ ግራ ክርኔን በቀኝ ጉልበቴ ውጭ አሳርፌ በኃይል ዞርኩ። ወገቤን በመዳፋቸው ያዙ። "መጀመሪያ ቁመትህን አውጣ፤ ትንፋሽህን ስታወጣ ዙር።" እውነታቸውን ነው፤ የወገብ አጥንቶች መገጣጠሚያ ለማጎንበስና ለመቃናት እንጂ ለመዞር እምብዛም አልተበጀም። ዙረቱ በብዛት የሚመጣው ከደረት አከርካሪ ነው፤ ወንበር የሚያደርቀውም እሱኑ ነው። መጠምዘዙ ዳሌንም ከውጭ በኩል ይስባል። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሞክረው እመርጣለሁ።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዮጋ መጽሐፍ፣ ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ፣ ይህ አቀማመጥ የሆድን እሳት ያቀጣጥላል ይላል። መርዝ ከጉበት ይጨምቃል የሚለውን የዘመናችንን ወሬ ግን አልቀበልም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት የራሳቸው ሥራ ነው።

ሻይ ስንጠጣ አዛውንቱ የዓሦቹን ጌታ ተረክ አወጉኝ። የሂንዱ አምላክ ሺቫ ለሚስቱ ለፓርቫቲ የዮጋን ምሥጢር ሲያስተምር፣ በዓሣ ሆድ ውስጥ የነበረ ሰው ሰምቶ ጠቢብ ሆነ፤ ማትስዬንድራናት፣ ፓታን ውስጥ ማቺንድራናት የሚሉት፣ እሱ ነው። ደቀ መዝሙሩ ጎራክናት ዝናብ የሚያመጡትን እባቦች ከሥሩ አድርጎ 12 ዓመት ተቀመጠባቸው፤ የካትማንዱ ሸለቆ በድርቅ ተመታ። መምህሩን ሲያመጡለት በአክብሮት ብድግ አለ፤ እባቦቹ ተፈቱ፤ ዘነበ። ያንን ተረክ ከሰማሁ በኋላ ስጠመዘዝ ጀርባዬን ብቻ ማሰብ አልቻልኩም።

በማግስቱ የማቺንድራናት ምስል የሚጓዝበት የበዓል ሰረገላ ወጣ። ቁመቱ 18 ሜትር ያህል ነው፤ እንጨቱ በሐረግ ተጠፍሯል፣ በአራቱ ግዙፍ ጎማዎች ላይ ዓይን ተስሏል። ከላይ ሲወዛወዝ ሕዝቡ አብሮ ይጮኻል። አንድ ሽማግሌ ገፋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ሻካራውን ገመድ ያዝኩና ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ጎተትኩ። ሰረገላው አንድ ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰና ቆመ፤ እንደገና ገመዱን አጠበቅን።