ግማሽ ሚሊ ሜትር ቆዳ፦ የጀልባችንን ጄል ኮት እንዴት እንደጠገንን

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በጣና ሐይቅ ላይ የምንሠራባት የፋይበር ግላስ ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ ስታመላልስ ዓመታት አስቆጥራለች። ባለፈው የካቲት ከውኃ አውጥተን ግንድ ላይ ካሳረፍናት በኋላ ጎኗን በጥቁር ጨርቅ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነጣ። የነጣው ግን ከአቧራ አልነበረም፤ ፀሐይ የበላው የጀልባዋ ቆዳ ነው።

ጄል ኮት የምንለው ከፋይበር ግላሱ በላይ ያለው፣ ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሙጫ ሲሆን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ የሚከለክለውም፣ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበለውም እሱ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጨረሩ ቆላ ካለ ውኃ ይልቅ ይበረታል። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ጄል ኮትን በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት በጉልበት ሲፍቅ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ የተፋቀው አይመለስምና።

ቆዳው ይድን እንደሆነ ለማወቅ የደበዘዘውን ቦታ በውኃ ማርጠብ ይበቃል። እርጥብ ሳለ የቀድሞ ቀለሙ ከተመለሰ በማወልወል ይድናል፤ ረጥቦም የፋይበሩ ሽመና ከታየ ግን ቆዳው አልቋል ማለት ነው። የእኛዋ ጎኖቿ የሚድኑ ሆነው ተገኙ። ችግሩ ከፊቷ ነበር።

አፍንጫዋ ከድንጋይ መውረጃዎች ጋር ስትጋጭ በኖረችበት ቦታ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አውጥታለች። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የመኪና ቀለም ባለሙያ በስቱኮ የሞላው ጉድጓድ ነበር። ያኔ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከብረትም ይጠነክራል» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አመንሁት። አሁን በጩቤ ጫፍ ስነካው እንደ ረጠበ ኖራ ተፈረፈረ። የመኪና ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ ለመኪና በር ተስማሚ ቢሆንም ከውኃ መስመር በታች ቦታ የለውም። ሁሉንም ጠርገን አወጣንና ቦታውን ለቀናት አደረቅነው።

ስንጥቅ ላይ ላዩን ቢቀባ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር በሹል ብረት ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ አድርገን ከፈትነው፤ ዙሪያውን በሳንቲም መታ መታ እያደረግሁ ድምፁን አዳመጥሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ካለ ፋይበሩ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሆነ ግን ውስጡ ተላቋልና ጄል ኮት ብቻውን አያድነውም። ከዚያ ቦታውን በአሴቶን ጠርገን ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ከለልነው።

ቅልቅሉ ላይ ችኮላ አይሠራም። ማጠንከሪያው እንደ ጣሳው መመሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ100 ግራም ጄል ኮት 2 ግራም ቢበዛ ማለት ነው። በዓይን ግምት ከመጨመር በመርፌ መለካት ይሻላል። ይህ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽርና ያለ ጓንት ጣሳውን የሚከፍት ልጅ አጠገቤ አይቆምም። ጥር ላይ ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከ15 ዲግሪ በታች ደግሞ ሙጫው በወጉ ስለማይጠነክር፣ የካቲትን የመረጥነው አውቀን ነው፤ ሥራውንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አንጀምርም ነበር። ጄል ኮት አየር እስከነካው ድረስ ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል። ስለዚህ ጉድጓዱን ከጎኑ ትንሽ ከፍ አድርገን ከሞላን በኋላ ንጹሕ ላስቲክ አለበስነው፤ በማግስቱ ላስቲኩ ሲገፈፍ ከሥሩ እንደ ጥፍር የጠነከረ ነጭ ወጣ።

ከፍ ያለውን ያስተካከልነው በእንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሳሙና ባለው ውኃ እያራስን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳልና ከ400 ጀምረን በ600፣ በ800 እና በ1,000 አልፈን 1,500 ላይ ቆምን። አንዱን ቁጥር መዝለል የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የ400ው ጭረት ከፖሊሹ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎልቶ ይታያል። ፖሊሹን በሱፍ ማሽን፣ በዝግታ፣ አንድ ቦታ ሳንቆም ሠራን፤ ማሽኑ ከቆመ ሙቀቱ ቆዳውን ያቃጥለዋል። በመጨረሻ ሰም ቀባናት። ሰሙ የሚሠራው ያገኘነውን ብርሃን ከፀሐይ መጠበቅ ነውና በየስድስት ወሩ እንደግመዋለን።

ጀልባዋ መጋቢት ላይ ውኃ ገባች። ጎኗ ላይ የመንገደኛው ፊት ይታያል፤ የተጠገነውም ቦታ ከሩቅ አይለይም። በቀኝ በኩል፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ሁለት ጎን ለጎን የተሰመሩ ስንጥቆች ግን ሆን ብዬ አልነካኋቸውም። እነሱን ያመጣቸው ግጭት ሳይሆን ወለሉ ሰው ሲረግጠው መለጠጡ ነው፤ ከውስጥ በፋይበር ሳይጠናከር ቢሞሉ ዳግም ይሰነጠቃሉ። ወለሉን ለሚመጣው በጋ ቀጥረነዋል።