«ት» የጎደላት ደሴት

ትልቋ ልጄ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ታነባለች፤ የሱቅ ታፔላ፣ የዘይት ጄሪካን፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ እኔና አባቷ «ለእረፍት የትኛው ደሴት ይሻላል» እያልን ስንከራከር ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማ፣ ደሴት ማለት ደሴ ላይ ት ሲጨመርበት ነው አይደል? እኛ እኮ የጎደለችን ት ብቻ ናት» አለችን። አባቷ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ያቺን ት ፍለጋ ግን ይኸው ስንት ጊዜ እቁብ ጥለናል።

ደሴት የሚባል ነገር ከየት መጣብሽ ብትሉኝ፣ ከአባቴ ነው። በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ ይወርድና ስንት ቀን ቆይቶ ፊቱ ከስሎ ይመለሳል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ሠርቶ እንደ ካርቶን ይደርቅ ነበር። እናቴ ሳፋ ውስጥ ስትዘፈዝፈው «ይኸው፣ ባሕሩን ይዤላችሁ መጣሁ» ይለናል። እኛም ጣታችንን ሳፋው ውስጥ እየነከርን እንቀምሳለን። ላቡ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ከወደቡ ማዶ ውሃው መሀል ስለሚታዩት ደሴቶችም ያወራልን ነበር። «ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ጭኜ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ቃል እንደገባልን በ1990 ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሚነዳው ወደ አዲስ አበባ ሆነ፤ ስለ ባሕር ሲያወራም ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ እቁቡን ስንጀምር ሐሳባችን ዛንዚባር ነበር። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቻችን የሚያርፉበት ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወርዶ ያልቃል። ደሴ ጭጋግ ውስጥ ተወሽቃ ጦሳ ተራራ እንኳ አልታይ ሲለን እነሱ ፀሐይ ላይ ናቸው ማለት ነው። ይኼ ለእኔ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። እቁባችንን ማንም ሳይነካው ግማሽ ሆነ። ሲሼልስንም አይቼ ነበር፤ 115 ደሴት አላት፣ ቪዛ ብላ አታስቸግርም። የአንዱን ሌሊት የማረፊያ ዋጋ ሳየው ግን ስልኬን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን አንድ ዙር እቁብ ጨምረን እንጠብቅ ነበር። ዛንዚባርን ያስቀየረኝ ሌላ ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ጠዋት ደጃፍ ላይ የነበረው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ርቆ ሄዶ አሸዋው ባዶውን ይቀራል። ድንጋዩ ሥር ደግሞ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ፍጥረት አለ፤ የረገጠው ሰው እግር ውስጥ እሾሁ ተሰብሮ ይቀራል። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ውሃው ያን ያህል ስለማይርቅ ልጅ የያዘ ሰው እዚያ ቢያርፍ ይሻለዋል። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን ጠይቄ፣ የወባ መከላከያው ለትንሽ ልጅ በኪሎው እየተለካ እንደሚሰጥ አውቄ፣ ቡና ላይ ለአማቴ አስረዳኋቸው። እኔ ማርያምን፣ እሳቸው አላህን የምንጠራበት ቤት ነው ቤታችን። ወሎ ነው፣ ማንም አይገረምም። ዛንዚባር መስጊድ በየደጃፉ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በርቶ ነበር፤ የባሕሩን ጠባይ እስክነግራቸው።

«ውሃ ሸሽቶ የት ይሄዳል?»

«ወደ ውስጥ ነው እማማ፣ ተመልሶ ይመጣል።»

«ሲመጣ ይናገራል?»

«ሰዓቱ ይታወቃል።»

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አደረጉና «አንቺ ታውቂው ይሆናል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ሰዓት አያውቅም» አሉኝ። ቶናው ሳይቀዳ ዛንዚባር አለቀች።

እንግዲህ ሌላ ከመምረጣችን በፊት ልጆቹን በውሃ እንሞክራቸው ብለን ቅዳሜ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሄዶ ያላየው ደሴዬ የለም። እኔ ግን ልጆች ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውሃውን ያየሁትም በሌላ ዓይን ነው። ድሮ «እንዴት ያምራል» እል ነበር፤ አሁን ዳሩ ጭቃ ይሁን ድንጋይ፣ ሣሩ ውሃው ጋ ስንት እርምጃ ላይ እንደሚያልቅ ነው የምቆጥረው።

እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ ጎኑ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አይገባበትም። ትልቋ ከማዶ ዛፎቹን እያየች «ለምን አንሄድም?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት፤ ቀጥዬም እንዳይከፋት ብዬ እኔ በልጅነቴ የሰማሁትን የሐይቁን ተረት አመጣሁላት። አንዲት እርጉዝ ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣና ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እርጉዟ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች፤ ደሴቷም እሷው ናት አልኳት። ልጄ ዝም ብላ አሰበች።

«ታዲያ ደሴቷ የሴትዮዋ ናታ!»

እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። የገዳም ሥርዓት መሆኑን አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። የስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄ ግን በሥርዓት አይመለስም።

ጀልባው ጋ ስንደርስ «ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለጀልባው ልጅ አንዱን የአዋቂ ጃኬት አመጣና ትንሹ አንገት ላይ አጠለቀለት፤ ጫፉ ጉልበቱ ደረሰ። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት፣ አንዴ ዞሮ ተቋጠረ። ከዚያ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ ጃኬቱን በሁለት ትከሻው ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት። ጃኬቱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ልጄ በሥሩ ሾልኮ ሣሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ «ድገሚው፣ እማ!»

«አብሽሪ እህቴ፣ ውሃው የተኛ ነው» አለኝ ጀልባ ያለው ልጅ። ደግ ልጅ ነው፣ አልቀየምኩትም። ግን የሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ተኝቶም ያው ነው። አልተሳፈርንም። ትልቋ አለቀሰች፣ አባቷ አኮረፈ፣ ዓሳ ጥብስ አዘን እኔ እሾሁን ስለቅም እነሱ ሲበሉ ዋልን። ለልጅ ዓሳ ያበላች እናት ታውቀዋለች፤ ስትጨርስ እሷ የሚተርፋት ጭንቅላቱ ነው።

በመጨረሻ የተረፈን ጣና ነው። በቀላሉ እንዳይመስላችሁ፤ 37 ደሴቶች አሉ ቢባልም እኛ አራታችን አብረን የምንረግጠውን ለመለየት ሁለት ማታ ፈጀብን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እነ ዘርዓ ያዕቆብና እነ ፋሲል ያረፉበት፣ አይገባም፤ ጣና ቂርቆስ አይገባም። ባለቤቴ «እኔና ትንሹ ደርሰን ብንመጣስ?» ሲል ትልቋ ያየችው አስተያየት ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ደቅ ላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ሴትም ይገባል፤ እኔ በጣም የጓጓሁለት እሱን ነበር። ግን ጀልባው ለመሄድ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ኮምቦልቻ ስንወርድ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሳያስመልሰው ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ይዤ ያን ያህል ውሃ ላይ አልቆይም።

ደብረ ማርያምን መረጥን። ከባሕር ዳር ቅርብ ናት፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፤ ወንድም ሴትም ይገባል፤ ጉማሬ ቢወጣልን ደግሞ ለልጆቹ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል። የምንሳፈረው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ጣና ይናወጣል። እግር ውሃ ውስጥ መንከር የለም፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጊዜውን ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ጥር ላይ አድርገነዋል። በመኪና ከደሴ በወልዲያ አድርጎ ወረታ መውጣት ይቻል ነበር፤ የመንገዱን ነገር ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ነው የምንሄደው። የእቁቡ ገንዘብ ለዚህ በቂ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ስለሆነ ከሐረጎ አልዳንም፤ ፌስታሉን ከአሁኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

አማቴም እመጣለሁ ብለዋል። «ጀልባችሁ ላይ ግን አልወጣም። ዳር ቁጭ ብዬ ቡና አፈላለሁ፣ ስትመለሱ በረካ ትደርሳላችሁ።» ጀበናቸውን ከደሴ ይዘው አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው፤ እሱን እኔ አልነካም፣ ልጃቸው ያስረዳቸው።

ላይፍ ጃኬቱን ደሴ ላይ ፒያሳም ሰኞ ገበያም ዞሬ አጣሁት። አንዱ ባለሱቅ የዝናብ ካፖርት አውጥቶ «ይኼም ውሃ አያስገባም» አለኝ። ጅዳ ላለችው እህቴ የልጆቹን ኪሎ ጽፌ ላክኩላት፤ ትናንት ማታ በሰው እጅ ሁለት ብርቱካንማ ጃኬቶች ደረሱ። መጀመሪያ ያደረግኩት ትንሹን አልብሼ በትከሻው ማንሣት ነው። አብሮ ተነሣ። አየር ላይ ተንጠልጥሎ እግሩን ሲያወራጭ ትልቋ አጨበጨበች፣ አማቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ለብሶት ነው የተኛው። ሁለቴ ላወልቅለት ሞከርኩ፤ አንዱ ማሰሪያ በእግሮቹ መሀል ስለሚያልፍ ሳልቀሰቅሰው አልፈታ አለኝ።