«ሁልጊዜ እችላለሁ» የሚለው ሐረግ ሲተረጎም

አንዲት አራስ ልጇን ጡት ለማጥባት ምን ያህል በራሷ እንደምትተማመን በቁጥር መለካት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነገር ይመስላል። ካናዳ የሚሠሩት ተመራማሪ ሲንዲ ሊ ዴኒስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት መጠይቅ ግን ይህንኑ የሚሞክር ሲሆን፣ መነሻው የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ሰው በገዛ ችሎታው ላይ ስላለው እምነት ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ነው። 33 ዓረፍተ ነገሮች የነበሩት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 14 አጥሯል፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ስለሚመዘን ድምሩ ከ14 እስከ 70 ይደርሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ መጠይቁ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲተረጎም የሚሆነው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ «ሁልጊዜ እችላለሁ» በሚል መንፈስ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ስለ ራስ እንዲህ መናገር እንደ ትዕቢት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ የምትኖር እናት፣ ያለ ችግር እያጠባች እንኳ ዝቅ ያለውን ቁጥር ልትመርጥ ትችላለች። የተተረጎመውን ጽሑፍ ዋናውን ባላየ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ማስመለስ የቃላት ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ እንዲህ ያለውን መሽኮርመም አያሳይም፤ ለዚህ እናቶቹን ራሳቸውን «ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለሽ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመልሶችን እርስ በርስ መጣጣም የሚያሳየው የክሮንባክ አልፋ የተባለው አኃዝም (ተመራማሪዎች አብዝተው የሚመኩበት ይመስለኛል) ከፍ ማለቱ ብቻ በሁለት ቋንቋዎች የተለካው አንድ ነገር መሆኑን አያረጋግጥም።

ስለዚህ የሁለት አገሮችን አማካይ ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንደኛዎቹ እናቶች መተማመን ያንሳል ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። መጠይቁ ይበልጥ የሚጠቅመው በአንድ ቋንቋ ውስጥ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ማጥባቷን ከማቋረጧ በፊት እገዛ የሚያስፈልጋትን እናት ለመለየት ነው።