ጥንቸል ማሳደግ፦ ከቡላና ከዳማ የተማርኩት

ጥንቸል ለልጆች ተብላ ትገዛለች፤ ኃላፊነቷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአዋቂ ነው። በደንብ የተያዘች የቤት ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ጥንቸሉ ስታረጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ደርሷል ማለት ነው። ልጆቼ ግዢልን እያሉ ሲወተውቱኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። እሺ ያልኳቸውም እስከዚያ ድረስ እኔው ራሴ ልይዛቸው ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

ከጥንቸሎቹ በፊት ሐኪም ፈለግሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ አይጠፋም፤ የሚበዙት ታካሚዎች ግን ውሻና ድመት፣ ወደ ከተማው ዳር ሲወጡ ደግሞ ላምና ዶሮ ናቸው። እየደወልኩ "ጥንቸል ታክማላችሁ?" ስል ብዙዎቹ "ልምዱ የለንም" አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናቸዋለሁ። በመጨረሻ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ አንድ ዶክተር "ያምጧቸው፣ አያቸዋለሁ" አለኝ። ጥንቸል መግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ባይገለብጠው እመክራለሁ።

ሁለቱን የገዛናቸው መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው ከሚሸጡ ልጆች ነው። ሻጩ "ሁለቱም ሴት ናቸው" አለን። የጥቂት ሳምንት ጥንቸል ፆታዋን መለየት ለለመደ ሰው እንኳ ስለሚያስቸግር፣ ከካርቶኑ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ወሰድኳቸው። አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ ሆኑ። ልጆቹም ከመልካቸው ስም አወጡላቸው፤ ሴቷን ቡላ፣ ወንዱን ዳማ አሏቸው።

ፆታቸውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሴቷ ከ4 ወር ዕድሜዋ ገደማ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናዋ ከ30 እስከ 32 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በእኛ አገር ደግሞ የኦርቶዶክስ አማኞች ጥንቸል አይበሉም፤ ዘሌዋውያን ላይ ከተከለከሉት እንስሳት ጋር ተጽፋለች። እንደ በግ ግልገል ሸጦ መገላገል የለም፤ ለእያንዳንዷ የሚያሳድጋት ቤት መፈለግ ያስፈልጋል። ብዛታቸው ያስጨነቀው ሰው ባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ሲለቃቸው ሰምቻለሁ፤ ሆዴን የሚያላውሰው ይህ ነው። የቤት ጥንቸል እርሻ ላይ ስትሮጥ የምናያት የአገራችን ጥንቸል አይደለችም። ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። ሰው እጅ ላይ ያደገችን ጥንቸል ጫካ መልቀቅ ለውሻና ለጭላት መስጠት ነው።

ስለዚህ ዳማ ዕድሜው እንደደረሰ ተኮላሸ። ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ለየብቻ ማቆየት ነበረብን፤ የተኮላሸ ወንድ ወዲያው መካን አይሆንም። እንደገና ያገናኘናቸው ሁለቱም በማያውቁት ኮሪደር ላይ፣ ቀስ በቀስ፣ እኔ ተቀምጬ እያየሁ ነው። የአንዳቸው ሠፈር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይነካከሱ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ተኝተው ፊታቸውን ይላላሳሉ። ጥንቸል ብቻዋን መኖር የማትወድ ፍጥረት ናትና ሁለት መግዛታችን ትክክል ነበር።

ቤታቸውን አናጢ ሠራልን። ወለሉ ሽቦ እንዳይሆን አጥብቄ ነገርኩት፤ እንደ ውሻ የመዳፍ ትራስ ስለሌላቸው ሽቦ ላይ የሚቆም እግር ይቆስላል። ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ቆርቆሮውም የክረምቱን ዝናብ እንዲከላከል ወደፊት ወጣ ብሏል። የአዲስ አበባ ብርድ ደረቅ ማደሪያ ካላቸው አይጎዳቸውም፣ እርጥበት ግን ይጎዳቸዋል። ለሚፈነጩበት አጥርም ሽቦውን መሬት ውስጥ ቀበርነው፤ እነሱ ከውስጥ ይቆፍራሉ፣ ሌሊት ደግሞ ድመትና ሽለምጥማጥ ከውጭ ይመጣሉ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ጭንቀቱ ሌላ ነው። ሙቀት የሚያስወጡት በዋናነት በጆሯቸው ስለሆነ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሊሞቱ ይችላሉ፤ ጥላና የቀዘቀዘ ውሃ የግድ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፣ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና። ሰው ሁሉ ጥንቸል ካሮት ትበላለች ይላል። ካሮት ለእሷ ስኳር ነው፤ አልፎ አልፎ ቁራጭ ቢደርሳት ይበቃታል። የሚያኖራት ድርቆሽ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ የማይጠፋ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሣር ስታኝክ ካልተሞረደ አፏ ውስጥ እየወጋት መብላት ያቅታታል። አንጀቷም ቢሆን ያለ ሣር አይንቀሳቀስም። እኛ ድርቆሽ የምንገዛው ከሱሉልታ ከሚያመጡ ሰዎች ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አጨዳው ሲደርስ ትኩስ፣ አረንጓዴና ርካሽ ነው፤ ለዓመቱ የሚሆነውን ያኔ ገዝቼ በደረቅ ቦታ አስቀምጣለሁ። በክረምት ገበያ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ረጥቦ የሻገተ ነው። የሻገተ ድርቆሽ ሲመጣልኝ ሳላራግፍ እመልሰዋለሁ።

ከድርቆሹ ሌላ ግቢ ውስጥ የሚበቅለውን ሰርዶ፣ ከጉሊት የሚጣለውን የካሮት ቅጠል፣ ድንብላልና በሶብላ አጥቤ እሰጣቸዋለሁ። እንጀራና ዳቦ ቤታችን ለእነሱ ክልክል ነው፤ እንግዳ ሁሉ ቁራሽ ሊያጎርሳቸው ስለሚቃጣው ይህን ማስከበር ከባድ ነው። የአቮካዶ ቅጠል መርዝ ነው። ፉርሽካና የዶሮ መኖም ሆዳቸውን ያበላሻል። ውሃው በከባድ ጣባ ነው የሚቀርበው፣ አይደፉትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእነሱም ጄሪካን መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ ውሃ ድርቆሹንም ይተዉታል።

ሰው የሚደነግጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሽንታቸው አንዳንዴ ይቀላል፤ ብዙውን ጊዜ የቅጠሉ ቀለም ነው። ሌላው ደግሞ የራሳቸውን ኩስ መብላታቸው ነው። እሱ ተራው ክብ ኩስ ሳይሆን እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ሲሆን፣ ቪታሚን የሚያገኙት ከእሱ ስለሆነ አትከልክሏቸው።

ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር የሚታደን ፍጥረት ድካሙን ካሳየ ይበላል፤ ይህ ባሕርይ ቤት ገብታም አይለቃትም። አንድ ማታ ቡላ ቅጠል አልነካ አለች። አልጮኸች፣ አልተንፈራገጠች፤ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ዓይኗን በግማሽ ጨፍና ጥርሷን ታፋጫለች። ወለሉን ሳየው ኩሱ ጥቂትና ትንንሽ ነበር። ጎረቤታችን እማማ አዝነው "ልጄ፣ ትንሽ አሞክሳሲሊን በውሃ በጥብጠሽ ስጪያት" አሉኝ። "እማማ፣ ለእኛ መድኃኒት ቢሆንም እሷን ይገድላታል" አልኳቸው። ጥንቸል በአፏ አሞክሳሲሊን ስትወስድ የአንጀቷ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያልቅና ትሞታለች፤ ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቆኛል። ለውሻ ቁንጫ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒልም እንዲሁ ለጥንቸል አደገኛ ነው።

እስኪነጋ አልጠበቅንም። አንጀቷ ቆሟል ማለት ነው፤ ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላ ከቆየች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው፣ ማስመለስም አትችልም። ዶክተሩ ሆዷ በሌላ ነገር አለመዘጋቱን ካረጋገጠ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት፣ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፣ የላመ ምግብም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እንዴት እንደማበላት አሳየኝ። ቤት መልሼ በፎጣ ጠቅልዬ እያሞቅሁ በየተወሰነ ሰዓት አበላኋት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኩስ ስታወጣ ልጆቼ በደስታ ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሥራ ተከፋፍሏል። ጣባውን ማጠብና ሣር ማጨድ የልጆቹ ነው፤ ጠዋት ኩሱን ማየት፣ ጥፍር መቁረጥና ጥርስ መመርመር የእኔ ነው። ልጆቹ ጥንቸል የሚያቅፉት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ብቻ ነው። በጆሮ ማንጠልጠል ፈጽሞ የለም፤ ቆመው ይዘዋት ስትፈራገጥ ጀርባዋ ሊሰበር ይችላል።

ለፋሲካ ወደ ክፍለ ሀገር ስንሄድ የጎረቤት ልጅ ትይዛቸዋለች። የማስረክባት ቁልፍ፣ ድርቆሽና የዶክተሩን ስልክ ነው። የምነግራትም ይህንን ነው፦ ጠዋትና ማታ ድርቆሹ መጉደሉን እዪ፣ ኩሱ እንደወትሮው ክብና ብዙ መሆኑን እዪ፣ አንዱ ከጎደለ ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለዶክተሩ ደውዪ።