ልጄን በሆዴ ይዤ የታይሮይድ ካንሰር ታከምኩ

አንገቴ ላይ የወጣውን እብጠት ከቁም ነገር የቆጠረችው የእርግዝና ክትትል የማደርግባት አዋላጅ ነርስ ናት። ቤተሰቤ «እንቅርት ነው» ብሎ አልፎታል፤ እንቅርት በየደጁ በሚታይበት አገር ይህን በማለታቸው አልፈርድባቸውም። እርሷ ግን ከጎኑ የጠጠረ ንፍፊት ዳስሳ ወደ አልትራሳውንድ ላከችኝ። አልትራሳውንድም ሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ፅንስን ስለማይጎዳ እስክወልድ መጠበቅ አላስፈለገም። ውጤቱ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ በዝግታ ነው የሚያድገው። ብዙ እርጉዞች እየታዩ ቆይተው ከወለዱ በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። የእኔ ግን ወደ ንፍፊቶቹ ተዛምቶ እያደገ ስለነበር በመካከለኞቹ ሦስት ወራት እንዲወጣ ተወሰነ፤ ከዚያ ቢቀድም የውርጃ፣ ቢዘገይ ያለጊዜው ምጥ ስጋት ያይላል። እኔ የጠየቅሁት የአንገት ቀዶ ሐኪሙ፣ የማህፀን ሐኪሟና የማደንዘዣ ባለሙያው ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ነበር። በሐኪሞች መካከል ወሬ ማመላለስ የታማሚ ሥራ አይደለም።

ቀዶ ጥገናው ከፈራሁት ቀለለኝ። ያደከመኝ የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። የታይሮይድ ዕጢዬ በሙሉ ስለወጣ፣ የእርሱን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ሆርሞኑ ለፅንሱ አእምሮ እድገትም ያስፈልጋል። ክኒኑ ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ቡናም ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። ለእርጉዝ የሚሰጠው የብረት ክኒንና ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታዘዘልኝ ካልሲየም ደግሞ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይሻሉ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሌቮታይሮክሲን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡና፣ ከሰዓት በኋላ ብረት፣ ማታ ካልሲየም ሆነ። ቡናው ተፈልቶ ሳለ ሰዓት መቁጠር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቁስሉ ይብሳል! ከንፈሬንና ጣቶቼን ሲነዝረኝ የካልሲየም ማነስ ምልክት መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር ሳላድር ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የቀረው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ማለትም ከቀዶ ጥገና የተረፈውን የታይሮይድ ህዋስ በጨረር የሚያጠፋው መድኃኒት ነበር። ይህ ለእርጉዝ ፈጽሞ አይሰጥም፤ እንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ታይሮይድ ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ጡት ወተትም ይገባል። የምታጠባ ሴት ጡት አዮዲን ስለሚስብ ማጥባት ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ይቆማል፤ ለዚያው ልጅ ዳግመኛ አይጀመርም። ሐኪሜ በእኔ ሁኔታ መዘግየቱ ጉዳት እንደሌለው ስላረጋገጠልኝ ልጄን 6 ወር አጥብቼ ጡት አስጣልኩ። «በዚህ ዕድሜው እንዴት አስቻለሽ?» ያላለ ዘመድ የለም። መልስ መስጠቱን ለባለቤቴ ተውኩለት።

አዮዲኑን ከወሰድኩ በኋላ ሕፃኑ ለተወሰኑ ቀናት እናቴ ዘንድ ከረመ፤ ማቀፍ አልተፈቀደልኝም ነበር። አሁን ክትትሌ በአንገት አልትራሳውንድና በደም ምርመራ ነው። ሁለተኛ ልጅ መቼ ነው ለሚሉኝ፣ ከአዮዲን በኋላ ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ እንደማይመከር እነግራቸዋለሁ።